ከደሴ ለአንድ ቀን፦ ከልጆች ጋር ሐይቅ ዳር መዋል

ደሴና ኮምቦልቻ ላለን ሰዎች ባሕሩ ሩቅ ነው፤ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ግን ደጃችን ላይ ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ለሚነሳ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እስኪደርስ ሌላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ሁለት ትናንሽ ልጆችና አንዲት አያት ይዞ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ ከዚህ የሚመች ውሃ በአቅራቢያችን የለም።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ ጉዳይ ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ዓሣ ለመብላት ነው፤ ምሳው እስኪደርስ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ፊላው ሥር ውሃ ሲራጩ ይውላሉ፤ ማንም «ተው» የሚላቸው የለም። ሐይቁ ለቤተሰብ የሚመች ቦታ ነው፤ ምቾቱ ግን ደረቁ ዳርቻ ላይና ጀልባው ላይ ነው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርሰው፣ ረጋ ያለውና ሣር የበዛበት ውሃ ለልጅ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው። ለምን እንደሆነ ወደታች እንገልጻለን።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ይመረጣል፤ ኮረብታው ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ታጥቦ ጥርት ያለ ነው። ታኅሣሥና ጥርም ጥሩ ናቸው፣ ጠዋቱ ግን ይበርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ውሃው የሚያስወጣው የጥርጊያ መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ሐረጎ ላይም ጉሙ መንገድ ይሸፍናል፤ ልጅ ይዞ ባይሞከር ይሻላል። የበልግ ዝናብ ባለበት መጋቢትና ሚያዝያ መሄድ ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ እንደሚችል አስቦ ጣሪያ ያለው ቦታ መያዝ ነው። ጥቅምት 17 የእስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ደግሞ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ በዓል ነው። በእነዚህ ቀናት እዚያው ወዳለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ ጸጥታ የፈለገ ቤተሰብ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐይቁ ወለል ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። 600 ሜትር ወረደ ማለት አየሩ 4 ዲግሪ ያህል ሞቀ ማለት ነው። ደሴ በሹራብና በጃኬት የተጀቦነ ልጅ እዚያ ሲደርስ ያልበዋል። ከሥር ቀለል ያለ፣ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ አልብሱት፤ ሹራቡን ከላይ ደርቡለትና ሲደርስ አውልቁለት። ረጅም እጅጌው ለፀሐይ ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ውሃው ደግሞ ጨረሩን ከታች ወደ ፊት ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ባርኔጣ ያደረገ ልጅ እንኳ አገጩና አፍንጫው ይቃጠላል። ሰንስክሪን ያለው ሰው ከመድረሱ በፊት ይቀባ፣ በየሁለት ሰዓቱም ይድገም።

ከመውጣታችሁ በፊት በዋዜማው የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ካሉ ሹፌሮች ጠይቁ፤ በመስመሩ ላይ በየቀኑ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው። ከደሴ በሚኒባስ ሲኬድ አንድ ሰዓት ያህል ያዙ። ወደ ወልድያና መርሳ የሚሄዱትም ሐይቅ ከተማ ላይ ያወርዳሉ። ከከተማው ወደ ውሃው በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት ተነጋገሩ፤ የባጃጁን ልጅ ስልክም ያዙ፣ ምክንያቱም ማታ ዳርቻው ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ባጃጅ አይገኝም። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከሆነ ችግሩ ሐረጎ ላይ ነው፤ ጥምዝምዙ ልጆችን ያስታውካል። ወተትና ዘይት የበዛበት ቁርስ አትስጡ፤ ደረቅ ዳቦ ወይም ቂጣ ይበቃል። ልጁ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሩቅ ሩቁን ይመልከት፤ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ያስታውከዋል። ለማንኛውም ሁለት ፌስታል እጃችሁ ላይ ይሁን።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከደሴ የተነሳ ሰው 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ውሃው ዳር ይደርሳል። ጠዋቱን መያዝ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው የሚረጋው፣ ወፎቹም በብዛት የሚታዩት ያኔ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ የጀልባ ጉዞ ካሰባችሁም ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብልሃርዚያ በወሎ ቆላና ወይና ደጋ የታወቀ በሽታ ነው፤ በሐይቅ አካባቢ የትምህርት ቤት ልጆች ላይም ተገኝቷል። የሚተላለፈው በመጠጣት ብቻ አይደለም፤ በዋናነት የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ዳርቻው ላይ ሲጸዳዳ የበሽታው ትል እንቁላል በጎርፍ ወደ ውሃው ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ በዓይን የማይታየው ትል ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የሰው እግር ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ትሉ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጆች ውሃ ካልገባን ብለው የሚያስቸግሩትም በዚሁ ሰዓት ነው።

ቀንድ አውጣውን ማየት ለሚፈልግ፣ ፊላው ሥር ረግፎ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቅጠል በእንጨት ገልበጥ ያድርገው፤ እጁን እንዳይነክር። ከቅጠሉ ሥር የጣት ጥፍር የማይሞላ፣ ቡናማ፣ እንደ በግ ቀንድ ተጠምዝዞ እንደ ሳንቲም የጠፈጠፈ ዛጎል ተጣብቆ ካገኘ፣ በሽታውን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ መልኩ ይህ ነው። ባያገኝም ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ትሉ ከቀንድ አውጣው ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ቀን ድረስ በሕይወት ሊቆይ ይችላል፣ ማዕበሉም ከቦታ ቦታ ይወስደዋል።

ለልጆች «ውሃ አትንኩ» ብቻ ማለት አይሠራም። ሌላ ውሃ ስጧቸው። ከቤት ወይም ከከተማው ቧንቧ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሙሉ ይዛችሁ ሂዱና ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ ግማሹን ጨምሩላቸው፤ ሳፋው ከውሃው ጠርዝ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ኩባያ፣ የፕላስቲክ ጀልባ፣ አሸዋ መዛቂያ ማንኪያ ካገኙ ሰዓታት ይጫወታሉ። የቀረው አሥር ሊትር ለእጅና ለእግር መታጠቢያ ነው። የሐይቁን ውሃ በጀሪካን ቀድታችሁ ወዲያው ሳፋው ላይ ብትገለብጡት ያው ነው፣ ትሉም አብሮ ይቀዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ኖሮ አንዱ ልጅ አምልጦ ቢገባስ? ወዲያው አውጡት፣ ውሃው ላዩ ላይ ሳይደርቅ በሻካራ ፎጣ ፈትጋችሁ አድርቁት፣ ልብሱን ቀይሩለት። መፈተጉ ጥቂት ይረዳል፣ ሙሉ መከላከያ ግን አይደለም። ቀኑን ጻፉ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ሰገራውን አስመርምሩ፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ በምርመራ አይታይም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑም በክብደት ስለሚሰላ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። በማግስቱ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ከንቱ ድካም ነው፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፣ ለጋውን አይነካውም። በመሃሉ ልጁ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም ሳል ከያዘው ሐይቅ ውሃ ገብቶ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት። እናንተ ካልነገራችሁት ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ ጥልቀቱ ነው። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ዳርቻውም በብዙ ቦታ ቀስ እያለ አይወርድም፣ ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ይከዳል። ቀድሞ ውሃው እንደ መስታወት ነበር፤ የጥንቶቹ ተመራማሪዎች ሲለኩት እስከ 9 ሜትር ወደታች ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ከተጨመረበት በኋላ አልጌውን የሚበሉት ጥቃቅን እንስሳት ተመናመኑ፣ አልጌው በዛ፣ ውሃውም አረንጓዴ ሆነ፤ በኋላ ሲለካ እይታው ወደ አንድ ሜትር ወርዶ ነበር። ለወላጅ ትርጉሙ ይህ ነው፦ መሬቱ የት ላይ እንደሚከዳ ከላይ ቆሞ ማየት አይቻልም፤ የሰመጠ ልጅም አይታይም። ዋናተኛ አዋቂ ቢኖርም ልጅ ከሦስት እርምጃ ባነሰ ርቀት ወደ ውሃው ጠርዝ አይቅረብ። ዳር ላይ አንድ አዋቂ ተራ ገብቶ ይቀመጥ፣ በተራው ጊዜም ስልክ አይንካ። «ሁላችንም እያየን ነው» ሲባል ማንም እያየ አይደለም።

ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው ካልተሟላ አትግቡ፤ ሌላ ጀልባ ጠብቁ። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆንም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ዘለበቱን አጥብቃችሁ ካሰራችሁለት በኋላ የጃኬቱን ሁለት ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ከወጣ ውሃ ውስጥም ሾልኮ ይወጣል ማለት ነው። የጀልባው ወለል ውሃ ካቆረ፣ ሞተር ያለው ሆኖ መቅዘፊያ ካልያዘ፣ ጀልባ ነጂው «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሰው መጨመር ከጀመረ ውረዱ። ዓሣ አጥማጆቹ የሚቀዝፉበት ታንኳ ለፎቶ ያምራል፤ እነሱ ከልጅነታቸው ስለለመዱት ሚዛኑን ይጠብቃሉ። ልጅ ይዞ መሳፈሪያ ግን አይደለም። ግማሽ ሰዓት የጀልባ ሽርሽር ለትንሽ ልጅ በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቁነጥነጥና መቆም ይጀምራል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት የነበረ፣ አሁን በየብስ የተያያዘ ቦታ ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። ዙሪያው ካለው እርሻና ባሕር ዛፍ መሃል የቀረው ጥቅጥቅ ያለ ሀገር በቀል ደን የገዳሙ ነው፤ እስከዛሬ የቆየው አባቶች ስለጠበቁት ነው። በአካባቢው የዱሮው ዳርቻ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ እዚያ ያያል። ከዚያ ደን ቅርንጫፍ አይሰበርም፣ ማገዶም አይለቀምም።

ለቤተሰብ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሴቶች ወደ ገዳሙ አለመግባታቸው ነው፤ ሕፃን ሴት ልጅም አትገባም። ይህን ሳያውቁ ሄደው በር ላይ የሚቸገሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ እናት ከሦስት ልጆች ጋር ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ትቆማለች። መፍትሔው ተራ ማበጀት ነው። አባትና ወንዶቹ ልጆች ገብተው አንድ ሰዓት ያህል ይቆያሉ፤ በዚያው ሰዓት እናትና ሴቶቹ ጀልባውን ይይዛሉ፣ ወይም ጥላ ያለበት ቦታ አስቀድመው ቡናቸውን ያፈላሉ። የሚገባ ሰው ቁምጣ አይልበስ፤ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ስላለ ካልሲ መያዝ ጥሩ ነው። ፎቶ ለማንሳት የሚያስጎበኙትን አባት አስቀድማችሁ «አባቴ፣ ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምሳው ዓሣ ነው። የወሎ ቤተሰብ እስላምም ክርስቲያንም የተቀላቀለበት ስለሆነ ዓሣ የሁሉም ምግብ መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነው፤ «ማን አረደው» የሚል ጥያቄ የለበትም፣ አንድ ትሪ ላይ ይበላል። የሚገኘው በብዛት ቆሮሶ ነው፣ አምባዛም አለ። አምባዛን ቅርፊት ስለሌለው የማይበላ ሰው ስላለ ከማዘዛችሁ በፊት ተጠያየቁ። ከመጠበሱ በፊት ዓሣውን አሳዩን በሉ፤ ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ የዛሬ ነው። ዓይኑ የጎደጎደና ስንጥቡ ወደ ቡናማ የሄደ ከሆነ ይቅርባችሁ። በበዓልና በእሑድ ቀን ጥብሱ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ልክ እንደደረሳችሁ እዘዙ። ለልጆች ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ ስጧቸው፤ ሆዱ አካባቢ ያለው ቀጫጭን እሾህ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። ሥጋውን በጣቶቻችሁ መሃል አድቅቃችሁ ዳብሱት፣ ከዚያ አጉርሷቸው።

ቡና ለማፍላት ማንደጃ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከውሃው ወደ እናንተ የሚመጣውን ነፋስ በድንጋይ ጋርዱት፤ ካልሆነ ረመጡ ሣሩ ላይ ይበተናል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሣሩ ደረቅ ነው። አቦሉንና ቶናውን በጠዋቱ ርጋታ ጠጥቶ በረካው ላይ ነፋሱ መነሳቱ የተለመደ ነው፤ ያኔ እሳቱን በውሃ አጥፍታችሁ አመዱን በቆርቆሮ ያዙ። ዛፍ ሥር እሳት አይነድም፣ ከሰሉም ሥሩ ላይ አይደፋም።

መጸዳጃ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ብልሃርዚያው ሳይቋረጥ የሚዞረው በዚሁ ነው። ክፍት ዳርቻው ላይ መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ዳርቻው ላይ ካሉት ሎጆች ወይም ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ መቀመጥ ይሻላል። ለትንሽ ልጅ ፖፖ ያዙ። ዳይፐር በሁለት ፌስታል ታስሮ ደሴ ድረስ ይመለሳል፤ ፊላው ውስጥ አይጣልም፣ አይቀበርምም፣ ውሻ ያወጣዋል። ሐይቁ በግልጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ከአርድቦ ሐይቅ የሚወርደው የአንከርከሃ ውሃ ይገባበታል፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሳሙናውም፣ የመኪና ዘይቱም፣ ጠርሙሱም። መኪና ዳርቻው ላይ አይታጠብ፤ ሳህንም ቢሆን ውሃው ውስጥ አይለቅለቅ፣ ቤት ሲደረስ ይታጠብ።

ሰው የበዛበት ቦታ የማይወድ አርድቦን ያስብ። ከሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ያለ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ምግብ ቤት ተስፋ ተደርጎ አይኬድም፤ የሚበላውና የሚጠጣው ሁሉ ከደሴ ተጭኖ ይሂድ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። ማይባር ደግሞ ለደሴ የቀረበ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ብርዱ ለሕፃን ይከብዳል። የውሃው ጥንቃቄ በሁሉም ቦታ አንድ ነው።

ከዳርቻው ከ10 ሰዓት ጀምራችሁ ተነሱ። ከመሸ ትንኝ ይመጣል፤ ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አካባቢው የወባ ጊዜ ነው። ወደ ደሴ የሚመለሰው ሚኒባስም አመሻሹ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ባጃጁን ከመጥራታችሁ በፊት የልጆቹን እግር ከጀሪካኑ በቀረው ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ሹራባቸውን ከሻንጣው ላይኛው ክፍል አድርጉት። ሙቀት ውስጥ የዋለ ልጅ መኪናው ወደ ቦሩ ሜዳ ሽቅብ ሲወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ብርዱ የሚመታው ያኔ ስለሆነ ሹራቡን ሐይቅ ከተማ ላይ ሳለ አልብሱት።